ፌሮ ሮድ፣ ላይተር ወይስ ክብሪት? ለባሌ ጉዞ ምን ልያዝ

የካዛንቺስ_እግረኛ

ሰላም ለቤቱ። ታህሳስ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ፓርክ ላይ ከዲንሾ ተነስተን፣ የሳነቲን አምባ አቋርጠን ወደ ሐረና ጫካ ልንወርድ አስበናል። አስጎብኚ እንይዛለን፣ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ አለን። የቀረኝ የእሳት ነገር ነው።

ወንድሜ ከአሜሪካ ይመጣልና «ምን ላምጣልህ?» ቢለኝ «እሳት ማቀጣጠያ» አልኩት። እሱም ሱቅ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ፎቶ እያነሳ ላከልኝና ጭራሽ ግራ ገባኝ። ፌሮ ሮድ የሚሉት፣ ሲፋቅ ብልጭታ የሚረጭ ጥቁር ዘንግ አለ፣ የማግኒዚየም ጡብ አለ፣ በቻርጅ የሚሠራ ላይተር አለ፣ ውሃ አይነካውም የሚባል ክብሪት አለ። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ ሁሉም በአንድ ምት ያቀጣጥላል።

ተራራ የምትውሉ ሰዎች በእውነት ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ደግሞስ ይህን ነገር ሰው የት ነው የሚለማመደው? የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ በረንዳ ላይ እሳት ባነድ ኮሚቴው ምን እንደሚለኝ ታውቁታላችሁ።

ደባርቅ_ልጅ

ወንድሜ፣ እኔ ሰሜን ተራሮች ላይ እንግዳ እየመራሁ ነው የምኖረው። ኪሴ ውስጥ ያለው ተራ ላይተር ነው፤ ሱቅ ገብተህ በርካሽ የምትገዛው። አንዱን ደረት ኪሴ፣ ከጃኬት ሥር፣ ሰውነቴ እንዲያሞቀው አድርጌ እይዛለሁ። ሁለተኛው ቦርሳ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ከክብሪት ጋር ይቀመጣል። ፌሮ ሮድም አለኝ፣ ፈረንጆች ሲመለሱ ትተውልኝ የሄዱት፤ ከቁልፌ ጋር ታስሮ ይዞራል።

ስትገዛ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በአውራ ጣት የሚሽከረከር ጥርስ ያለውን ግዛ እንጂ ጠቅ ሲያደርጉት የሚነደውን አትግዛ። ያኛው ደባርቅ ከተማ ላይ ሰላም ነው፤ ሳንቃበር ስትደርስ ያንገራግራል፣ ጨነቅ ስትወጣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። የእንግዶቼ ሲጋራ በእኔ ላይተር ነው የሚለኮሰው።

ኬሚስት_ነኝ

ደባርቅ_ልጅ ያለው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ልጨምር፣ ብዙ ሰው ከፍታውንና ብርዱን ስለሚያምታታቸው።

ላይተር ውስጥ ያለው ቡቴን ነው። ባህር ጠለል ላይ ይህ ጋዝ ወደ እንፋሎት የሚለወጠው ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ላይተሩ ውጭ ካደረ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፣ ነበልባሉ ይኮሰምናል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ብልሹ እንዳይመስልህ፤ ብብትህ ሥር ትንሽ ብታቆየው ይነሳል። ከፍታው ግን ጋዙን አይጎዳውም፤ የውጭው ግፊት ሲቀንስ እንዲያውም ለመውጣት ይቀለዋል።

ከፍታው የሚጎዳው ጠቅ የሚለውን ነው። 4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጋዙና አየሩ የሚደባለቁበት ምጣኔ ይዛባል፤ አንዲት ቀጭን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያንን ለመለኮስ አቅም ያንሳታል። ጥርስ ያለው ላይተር ግን ድንጋዩን ሲፍቅ ብዙ ብልጭታ በአንዴ ይረጫል።

እንግዲህ ያ «የላይተር ድንጋይ» የምንለው ከፌሮ ሮድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ካርል አውወር ፎን ቬልስባህ የተባለ ኦስትሪያዊ ኬሚስት በ1903 (እ.ኤ.አ.) ፓተንት ያወጣበት የሴሪየምና የብረት ቅይጥ ነው። ሲፋቅ ፍርፋሪው አየር ሲነካው ራሱ ይቀጣጠላል፣ ሙቀቱም ወደ 3000 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ወንድምህ የሚያመጣልህ ዘንግ አንድ ትልቅ የላይተር ድንጋይ ነው፤ ተአምር አትጠብቅበት። ጥቅሙ ጋዝ አለመፈለጉ፣ ውሃ ውስጥ ወድቆ በጨርቅ ቢጠረግ መሥራቱ፣ ብርድ አለመፍራቱ ነው።

በዚያው ልንገርህ፣ ጋዙ ያለቀ ላይተርም አትጣለው። ብልጭታው አሁንም አለ። ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ካለህ ይለኩሰዋል።

ዴንቨር_ሃበሻ

ሰላም ከኮሎራዶ። እዚህ ተራራው ከቤት ስለማይርቅ ይህን ነገር ብዙ ሞክሬዋለሁ። ስለ ፌሮ ሮዱ ከጠየቅከኝ ውፍረቱን እይ። ቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠለው ቀጭኑ ለጌጥ ነው። 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ የመሃል ጣት ያህል ርዝመት ያለው ይሻልሃል፤ እጅህ ሲደነዝዝ የምትጨብጠው ነገር ያስፈልግሃል።

አዲሱ ዘንግ ጥቁር ቅብ አለው። ያንን ሳትፍቅ ብትመታው ብልጭታ አይወጣም፤ ብዙ ሰው «የተበላሸ ሸጡልኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ጠንከር አድርገህ ከላይ እስከ ታች ፋቀው፣ ከሥሩ የሚያበራ ግራጫ ብረት ይወጣል።

አመታቱም ዘዴ አለው። ሰው ሁሉ መፋቂያውን ወደ ፊት ይገፋል። ሲገፋ እጁ ያደራጀው ጥጥ ወይም ሣር ውስጥ ይገባና ይበትነዋል። አንተ መፋቂያውን ማቀጣጠያው አጠገብ እንዳለ አጽንተህ ያዝና ዘንጉን ወደ ራስህ ወደ ኋላ ሳበው። ብልጭታው ሁሌ አንድ ቦታ ይወርዳል። ቀስ ብለህ፣ ግን ተጭነህ። ፈጥኖ መምታት ቀጭን ብልጭታ ነው የሚሰጥ፤ ተጭነህ ስትስብ ወፍራም የጋመ ጠብታ ይወድቃል፣ ወርዶም ትንሽ ይቆያል። የሚያቀጣጥለው እሱ ነው። መፋቂያው ጠርዙ ስል መሆን አለበት፤ የቢላ ጀርባ የተሞረደ ከሆነ በቂ ነው፣ በስለቱ ግን አትፋቅ።

የማግኒዚየሙን ጡብ ተወው። ማግኒዚየም እንደ ጉድ ይነዳል፣ ግን የሚበቃህን ያህል ለመፈቅፈቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ፈቅፍቀህ ስትጨርስ ደግሞ ነፋሱ ይወስደዋል።

ቆላ_ደጋ

የአባቶቻችንን ባልጩት ረስታችሁ የቻይና ዘንግ ታወድሳላችሁ! ክብሪት ሳይገባ ይህ አገር ጥሬ ነበር እንዴ የሚበላው? ባልጩትና ብረት ያዝ፣ አለቀ። አያልቅ፣ አይበላሽ።

ኬሚስት_ነኝ

ቆላ_ደጋ፣ ክፋት የለውም፤ ግን ለልጁ በግማሹ ነው የነገርከው። በብረትና በድንጋይ ጊዜ የሚነደው ድንጋዩ አይደለም፤ ድንጋዩ ከብረቱ ላይ የሚልጠው ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ከብረቱ የጠነከረ መሆን አለበት። ያ ጥቁሩና የሚያብረቀርቀው ባልጩት እንደ መስታወት ይሰባበራል እንጂ ብረት በደንብ አይልጥም። ነጩ ጠንካራ ድንጋይ፣ ኳርትዝ፣ ይሻላል። ብረቱም ካርቦን የበዛበት መሆን አለበት፤ ያለቀ ሞረድ ለዚህ ግሩም ነው፣ የማይዝገው ማንኪያና የኩሽና ቢላ ግን እንኳን ፍም ብልጭታም አይሰጥህ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የሚወጣው ብልጭታ ከፌሮ ሮዱ በጣም የቀዘቀዘ ነው። ሣር አይለኩስም። ቀድሞ የከሰለ ጨርቅ ይፈልጋል፤ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጣሳ ውስጥ ከድነህ፣ ክዳኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ትተህ፣ እሳት ላይ ጭሱ እስኪያቆም ታቆየዋለህ። ጨርቁን ለማክሰል ግን እሳት ያስፈልግሃል። ዛሬ እሳት እያለህ ለነገ የምታዘጋጀው ነው።

ቆላ_ደጋ

እሺ ሞረዱን ተቀብያለሁ። ባልጩቱን ግን አልጣልኩም 😄

ጎማ_ጫማ

እኔ በሃይላንድ ነጭ ጋዝ ይዤ ነው የምሄደው። እርጥብም ይሁን ደረቅ፣ ታፈስበታለህ፣ ይነዳል። ምን ይሄ ሁሉ ፍልስፍና።

ደባርቅ_ልጅ

ጎማ_ጫማ፣ ያ ሃይላንድ በቅሎ ላይ ተጭኖ ሲፈስ ዳቦውንም፣ ስኳሩንም፣ ስሊፒንግ ባጉንም ሲያሸት ደርሶብኛል፤ እንግዳው ሦስት ቀን ጋዝ ጋዝ የሚል ሻይ ጠጣ። ከዚያም በላይ የከፋው ሰው እሳቱ እንቢ ሲለው ፍሙ ላይ መድፋቱ ነው። ነጭ ጋዝም ቢሆን ትኩስ ፍም ላይ ሲደፋ ይተናል፣ ያ እንፋሎት በአንዴ ቦግ ሲል ፊት ነው የሚያገኘው። ቤንዚንማ አይነሳ።

የመንዝ_ልጅ

እህታችሁ ነኝ፣ ከመሐል ሜዳ። ሁላችሁም ስለ ብልጭታ ነው የምታወሩት። ብልጭታማ ማን አጣ! እሳት የሚያጠፋው ከብልጭታው ቀጥሎ ያለው ነው።

እኛ አገር ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ጓሳ ሜዳው ከ3200 ሜትር በላይ ነው፣ እንጨት ደግሞ የለም። ልጅ ሆነን ቤት ውስጥ እሳት በየቀኑ ከአዲስ አይለኮስም ነበር። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፣ ጠዋት እናቴ አመዱን ገለጥ አድርጋ ኩበት ትቆራርስበትና እፍ ትላለች። የጠፋ እንደሆነ ገል ይዘን ጎረቤት እሳት ልንጭር እንላካለን። ገሉ ላይ ፍም፣ ፍሙ ላይ ፍርካሽ ኩበት፤ መንገድ ላይ ሳይጠፋ ይደርሳል። ኩበት ነበልባል አይሰጥ፣ ግን ፍም የያዘ እንደሆነ ነፋስም ቢመጣ አይለቅም። ለምድረ በዳ ሰው ይህ ቁም ነገር ነው፤ አንዴ ያገኘኸውን እሳት መያዝ ዳግም ከመለኮስ ይቀላል።

አሁን ለወንድማችን። ከመለኮስህ በፊት አጠገብህ ሦስት ክምር ይኑርህ። አንዱ ክብሪት እንጨት የሚያህል ጭራሮ፣ ሁለተኛው እስክርቢቶ የሚያህል፣ ሦስተኛው አውራ ጣት የሚያህል። የመጀመሪያው ክምር ብዙ ነው፤ «በቃኝ» ካልክ በኋላ ያንኑ ያህል ጨምርበት። ሰው እሳቱን ከለኮሰ በኋላ ጭራሮ ሊለቅም ይሮጣል፣ ተመልሶ ሲመጣ ጭስ ብቻ ያገኛል።

እንጨቱን ከመሬት አታንሳ። መሬት የነካ ውሃ ጠጥቷል። ቁሞ የደረቀውን፣ ዛፉ ላይ እንዳለ የሞተውን ቅርንጫፍ ፈልግ። ስትሰብረው ቀጭ ካለ ይሁን፣ ከተጣጠፈ ተወው። ዝናብ ከመታውም ቅርፊቱን ልጠህ ውስጡን ፍለጠው፤ ከላይ ቢርስ ውስጡ ደረቅ ነው።

ለመያዣ ደግሞ ከአሜሪካ ምንም አያስፈልግህም። ከወደቀ ጥድ ላይ የሚላጠው ቅርፊት፣ በእጅህ ስታሸው ጭረት ጭረት እየሆነ እንደ ተበጠረ ሱፍ ይላላል፤ ብልጭታ ሲያርፍበት ይይዛል። የቃጫ ገመድም እንዲሁ ነው። ጣት የምታህል ቁራጭ አንስተህ ክሩን ፍታው፣ እሸው፣ አላላው፤ ከዚያ በፌሮ ሮድህ ሞክረው። ከሁሉም በላይ ግን ጧፍ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምትገዛው ጧፍ ቦርሳ ውስጥ አይመዝን፣ ውሃ አይጠጣ፣ ክብሪትህ አንዴ ከለኮሰው ጭራሮው እስኪይዝ ከሥሩ ቆሞ ይነድልሃል። በክብሪት ቀጥታ ጭራሮ መለኮስ ክብሪት መጨረስ ነው።

የካዛንቺስ_እግረኛ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጧፍ! እንዴት አላሰብኩትም፣ ቤት ውስጥ ሞልቶ።

ዴንቨር_ሃበሻ

የመንዝ_ልጅ፣ እዚህ ሰዎች ሻማና የተፈጨ እንጨት ደባልቀው በትንሽ ካርቶን እያሸጉ በዶላር ይሸጡልናል። ጧፍ ከእናቴ ላስልክ።

እኔም ከቤት የምሠራውን ልንገራችሁ፦ ተራ የፋርማሲ ጥጥ፣ ቫዝሊን። ጥጡን ከውጭ በኩል ብቻ በቫዝሊን አሸዋለሁ፣ መሃሉ ደረቅ ይቀራል። ስፈልገው ከመሃሉ ጎትቼ ፀጉሩን አወጣዋለሁ፣ ብልጭታው እሱን ይይዛል፣ ቫዝሊኑ ደግሞ ደቂቃዎች ያቆየዋል። ሙሉ በሙሉ በቫዝሊን የተነከረ ጥጥ በላይተር ካልሆነ በብልጭታ አይነሳም። ሳኒታይዘርም ይነዳል፤ ነበልባሉ ቀን ላይ አይታይምና «አልያዘም» ብለህ እጅህን እንዳታስገባ።

ሐይፋ_ነዋሪ

ሰላም ወገኖች። ነገሩ ጥሩ ነው፣ ግን እሳት የት እንደሚነድ ማንም አላነሳም። እኛ እስራኤል ውስጥ፣ ካርሜል ተራራ ሥር ነው የምንኖረው። ታህሳስ 2010 (እ.ኤ.አ.) የዚህ ተራራ ቃጠሎ 44 ሰው ፈጅቷል። በዚህ ምክንያት በበጋ ማንም ጫካ ውስጥ ክብሪት ቢያወጣ ሰው ሁሉ ይጮህበታል። ላግ ባኦሜር በሚባለው የአይሁድ በዓል ልጆች ሰፈር ለሰፈር እሳት ሲያነዱ እንኳ ነፋስ ካለ ይከለከላል።

ባሌና ሰሜን ፓርክ ናቸው። እዚያ መሄድህ ጥሩ፣ ግን ጥድ ላይ ቅርፊት መላጥና አስታ (የደጋውን ቁጥቋጦ) መቁረጥ አይፈቀድልህም ብዬ ነው የማስበው።

ደባርቅ_ልጅ

ሐይፋ_ነዋሪ ጨዋ ጥያቄ አንስተዋል። አዎ፣ ፓርክ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፣ ከሰልና ምድጃ ይዘን ነው የምንሄደው። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች የተቃጠለ ጊዜ ሳር ውስጥ ቅርንጫፍ ይዘን ስናጠፋ የነበርን ሰዎች ነን፤ ያኔ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተውልናል፣ ሳላመሰግን አላልፍም። ጓሳ ሣሩና አስታው ሲደርቅ እሳቱ ከሰው ሩጫ ይፈጥናል። አስታ እርጥቡም ይነዳል።

አሁን ለካዛንቺስ_እግረኛ፣ አስጎብኚህ ሳይነግርህ እኔ ልንገርህ። ሳነቲ ላይ እንጨት የለም። 4000 ሜትር ሜዳ ነው፤ ድንጋይ፣ አጭር ቁጥቋጦ፣ ጅብራ። ጅብራውን አትነካውም። ስለዚህ «ሳነቲ ላይ ብርድ ቢመታኝ እሳት አነዳለሁ» የሚለውን ሐሳብ ከጭንቅላትህ አውጣው። እዚያ የሚያድንህ ልብስ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ድንኳንና ሻይ የምታፈላበት የጋዝ ምድጃ ነው። ላይተርህም ለዚያ ምድጃ ነው። ሐረና ስትወርድ ደግሞ እንጨቱ ሞልቷል፣ ግን ደመና የሚጠባው ጫካ ነው፤ ከዛፍ የተንጠለጠለው ግራጫ ጺም ሁሉ ሲነኩት እርጥብ ነው። በፓርኩ ሰዎች ፈቃድ፣ በተመደበው ቦታ ብቻ፣ የወደቀ እንጨት።

የመንዝ_ልጅ

ልክ ነው። የጓሳ ሜዳችንም በድሮ ጊዜ በቄሮ ሥርዓት፣ ሕዝቡ ራሱ በሚመርጣቸው አለቆች ነበር የሚጠበቀው፤ ሣሩ በተፈቀደ ጊዜ ካልሆነ አይታጨድም። እኔ ጥድ ያልኩት ለሰፈር ነው፤ ፓርክ ስትገባ ጧፍህን፣ ቃጫህን፣ ጥጥህን ይዘህ ግባ።

ሐመር_ደርሼ

ማንም የእንጨት ፍትጊያን አላነሳም። ደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ሁለት እንጨት ይዘው ነው የሚሄዱት፣ አንዱን መሬት ላይ አስተኝተው፣ ሌላውን በመዳፋቸው መሃል ሲያሽከረክሩት ጥቁር ዱቄት ይወጣል፣ ይጨሳል፣ ፍም ይሆናል። በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፣ መዳፍ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ሳያቋርጡ። እኔም ጠይቄ ሞክሬዋለሁ፤ መዳፌ ውሃ ቋጠረ እንጂ ጭስ አላየሁም። አጠገቤ ያለው ልጅ ሳቀና ነጥቆ አቀጣጠለው።

ለመለማመድ የሚፈልግ ካለ የቃጫ ተክል አበባ የሚያወጣበት ረጅሙ ዘንግ፣ ቆሞ ሲደርቅ፣ ለመሬቱ እንጨት ጥሩ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ለጨዋታ ነው ታዲያ። ሰው ብርድ ሲገድለው የሚጀምረው ነገር አይደለም።

የካዛንቺስ_እግረኛ

ወገኖች፣ ሳምንት ጠፋሁ፤ ልምምድ ላይ ነበርኩ። ቦታው ተገኝቷል፤ ኮሚናሉ ግቢ ውስጥ በሬ የሚታረድበት ሲሚንቶ አለ፣ እዚያ የከሰል ምድጃ አስቀምጬ፣ አጠገቡ የውሃ ባልዲ፣ እሁድ ጠዋት። ዘበኛው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ራሱ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠ።

ወንድሜ ገና ስላልመጣ ከጓደኛ ፌሮ ሮድ ተዋስኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። በደረቅ ቀን፣ በሞቀ እጅ፣ በቫዝሊን ጥጥ፣ ልጅም ያቀጣጥለዋል። ከዚያ ዴንቨር_ሃበሻ እንዳለው ወደ ኋላ መሳቡን ሞከርኩ፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ቃጫው ግን አስቸገረኝ። ብልጭታው ይወርድበታል፣ አንድ ክር ቀይ ሆኖ ጥምዝ ይላል፣ ይጠፋል። ዘበኛው ነው የፈታው፤ «አንተ ገመድ ነው የምታነደው፣ ፍታው እንጂ» አለኝና ተቀብሎኝ ክሩን በጥፍሩ እየፈለቀቀ ብናኝ እስኪመስል አላላው። መሃሉን እንደ ወፍ ጎጆ አደረገው፣ አንዴ መታሁት፣ ያዘ። ሰውየው የወሎ ሰው ነው፤ ቀድሞ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ዩቲዩብ ሳይ።

ከዚያ ደግሞ ደባርቅ_ልጅ በውስጥ መስመር የመከረኝን አደረግኩ። እጄን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ እስኪደነዝዝ ቆየሁና ክብሪት ሳጥን ለመክፈት ሞከርኩ። ሳጥኑን ገለበጥኩት። ክብሪቱ እንኳን ሊለኮስ አልያዝ አለኝ። ላይተሩም ያቺ ልጆች እንዳይለኩሱት ጥርሱ ላይ የምትደረገው ብረት አውራ ጣቴን ከለከለችው፤ በወረንጦ አወጣኋት። ፌሮ ሮዱ ግን በጭብጥ ስለሚያዝ በደነዘዘ እጅም ሠራ።

ኬሚስት_ነኝ

ያንን ነው ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ የማያየው። በጣም ጥሩ ልምምድ ነው።

ስለ ክብሪት አንድ ነገር፦ የእኛ ተራ ክብሪት ጫፉ ላይ ፖታሲየም ክሎሬት አለ፣ ቀይ ፎስፈረሱ ግን ያለው ሳጥኑ ጎን ላይ ነው። ስለዚህ ክብሪቱን በሰም አሽገህ ሳጥኑን ዝናብ ቢመታው ያለህ ጥርስ መጎርጎሪያ ነው። የሳጥኑን ጎን ቆርጠህ ከክብሪቱ ጋር ክዳን ባለው የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አድርገው። ስትጭር ደግሞ ጫፉ አጠገብ ያዘው፣ እንጨቱ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል።

የመንዝ_ልጅ

ዘበኛውን ሰላም በልልኝ።

አሁን ደግሞ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሞክረው፣ ከሰል ሳትጠቀም፣ ራስህ በለቀምከው እንጨት ውሃ እስክታፈላ። ብልጭታ አውጥቶ ማቆም ልምምድ አይባልም፤ ሻዩ ሲፈላ ነው የሚታወቀው።

የካዛንቺስ_እግረኛ

እሺ እህቴ፣ እሞክራለሁ። ዴንቨር_ሃበሻ፣ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ወንድሜ ይህን ሁሉ አውሮፕላን ላይ እንዴት ይዞት ይመጣል?

ዴንቨር_ሃበሻ

ከአሜሪካ ሲነሳ ተራ ላይተር አንድ፣ ኪሱ ወይም የእጅ ቦርሳው ውስጥ ብቻ፤ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ተራ ክብሪት አንድ ጥቅል እንዲሁ በእጅ። የትም ቦታ ተጭሮ የሚነደው ክብሪት በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው፣ አይሞክረው። የምድጃ ጋዝ ጣሳም እንደዚያው፤ እሱን አዲስ አበባ ፈልግ። ለፌሮ ሮዱ አየር መንገዱን ይደውልና ይጠይቅ፣ በር ላይ ከሚቀማ። ላይተሩንማ ለምን ያመጣል፣ ሰፈርህ ሱቅ ግዛ።

ቆላ_ደጋ

ባልጩት በሻንጣም በእጅም ያልፋል። ብዬ ነበር።